ለብቻ የታጠረ መቃብር

የምእመናን ጉባኤ ሰብሳቢ ሆና የተመረጠች አንዲት ሴት ወደ አንድ ሽማግሌ የሃይማኖት መምህር ሄደች። «አባባ፣ ለሰዎቼ ከጠየቅሁት ትልልቆቹ ግማሹን ሰጡኝ። ልቀበል ወይስ እምቢ ልበል?» አለቻቸው። እሳቸውም ይህን ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ካህን አይደለም፣ መነኩሴም አይደለም። ሚስት አግብቶ ልጆች የወለደ፣ እያስተማረ የሚኖር ካቶሊካዊ ምእመን ነበር። አንደበት ተሰጥቶታል፤ በደል ሲያይ ዝም ማለት አይሆንለትም። በወጣትነቱ ከሚያርሱት መሬት ለተፈናቀሉ ጭሰኞች ሲከራከር ታሰረ። የተፈታ ዕለት ቤቱ እንኳ ሳይገባ ተመልሶ ያሰረው ዳኛ ፊት ለዚያው ክርክር ቆመ።

በዚያ አገር ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ገበሬው እነሱ በሠሩት ድስት ይበላል፤ ከእነሱ ጋር ግን አይበላም። ቅዳሴ ሲመጡ ከበሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። ሲሞቱም የሚቀበሩት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከብት በሚሰማራበት ሜዳ ላይ ነው። ይህ ነገር ሰውየውን አንገበገበው። ላምቤቦ የሚባል ሸክላ ሠሪ ነበረ፤ የእሱን ልጅ ክርስትና አነሣና ሁለቱ አበልጅ ሆኑ። የገዛ ወንድሞቹ በዚህ ተቀይመው ደጁን መርገጥ ተዉ። እሱ ግን አልተመለሰም። ጳጳሱን ለመነ፣ ሽማግሌ ላከ፣ በየጉባኤው ተሟገተ፤ በመጨረሻ ሸክላ ሠሪዎቹ ከበሩ አልፈው ከሰው እኩል ማስቀደስ ጀመሩ። ስሙ ገነነ። የአገሩ ምእመናንም መሪያችን ሁን ብለው መረጡት።

የቀረው የመቃብሩ ነገር ነበር።

የአገሩ ሽማግሌዎች በጳጳሱ ፊት ተሰብስበው «አባቶቻችን ባረፉበት የቤተ ክርስቲያን አጸድ አናስገባቸውም» አሉ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲከራከር ዋለ። ወደ ማታ ገደማ ንግግሩ ለስለስ ያለ አንድ ባለጸጋ ተነሣና፣ «እንግዲያው ከወንዙ ማዶ ቦታ እንስጣቸው። እኛው እናጥርላቸዋለን፤ ጸሎት ቤትም እንሠራላቸዋለን» አለ። ጉባኤው አጨበጨበ። ጳጳሱ ተንፈስ ብለው ሰውየውን አዩት።

ሰውየው ደክሞታል። ከከብት መሰማሪያው ይሻላል፣ ዛሬ ይህን ይዘን ቀሪውን ነገ እንጠይቃለን ብሎ አሰበ። ላምቤቦ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ብቅ ብሎ ሊጠይቀው ይችል ነበር፤ አልወጣም።

«ተቀብለናል» አለ።

ከዚያ ወጥቶ ላምቤቦን አቀፈው። «አበልጄ፣ መቃብር አገኘን!»

«የት?»

«ከወንዙ ማዶ። አጥር አለው፤ ጸሎት ቤትም ይሠራላችኋል።»

ላምቤቦ ከእቅፉ ወጣ። «አበልጄ፣ መቀበሪያ ቦታማ መች አጣን? እኛ የጠየቅነው ከእናንተ ጋር እንድንተኛ ነበር» አለው።

ጸሎት ቤቱ ተሠራ። ከሩቅ እንግዶች እየመጡ አደነቁት፤ ሰውየውንም ሸለሙት። በተመረቀ በሳምንቱ ግን ሸክላ ሠሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ፣ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ሳይቆጡ፣ ፈገግ ብለው እንኳ፣ «የራሳችሁ አላችሁ እኮ» ብለው መለሷቸው። እንኳን ገብተው ማስቀደሱ፣ እንደ ጥንቱ ከበሩ ውጭ መቆሙም ቀረባቸው።

ሰውየው ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቢሮጥ «ተቀብለናል ያልከው አንተ አይደለህም?» አሉት። ጳጳሱ ዘንድ ቢሄድ፣ «ልጄ፣ በአንተ አፍ የተዘጋ ነገር ነው። እኔ በምን ልክፈተው?» ብለው አዘኑ። ጸጉሩ እስኪሸብት ተከራከረ። ዳኛ ፊት ያልተበገረ አንደበቱ የገዛ ቃሉን መመለስ አቃተው።

ላምቤቦ ቀድሞት ሞተና ማዶ ተቀበረ። የሰውየውም ተራ ሲደርስ ልጆቹን አስጠርቶ፣ «ከአበልጄ አጠገብ ቅበሩኝ። ሌላ የምጠይቃችሁ የለም» አላቸው። እያለቀሱ እሺ አሉት። ሲሞት ግን ሽማግሌዎቹ መጥተው «ይህን የመሰለ ትልቅ ሰው ማዶ ይጣላል? አገር ምን ይለናል?» አሉ። ልጆቹ ፈሩ። አባታቸውን በትልቁ አጸድ ውስጥ፣ ከታላላቆቹ መካከል፣ በብዙ ክብር ቀበሩት። ሸክላ ሠሪዎቹ ሬሳውን እያለቀሱ እስከ አጥሩ በር ሸኙት። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ሟቹ ክርስትና ያነሣው የላምቤቦ ልጅ አንድ እፍኝ አፈር ሊያለብሰው ፈልጎ ነበር፤ የሚያስገባው አላገኘም። ጸሎቱን ከውጭ ሰምቶ ወንዙን ተሻገረ።

መምህሩ ወደ ሴትዮዋ ዘወር አሉ። «ልጄ፣ ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ግማሽ መቀበልም ኃጢአት አይደለም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ቢጠየቁ ምናልባት እሺ ይሉ ነበር። እሱ ግን የእነሱን ነገር በራሱ ድካም ለካው። አንቺም እንደ እሱ ነሽ፤ ለብዙ ጊዜ ስትሟገቺ ኖረሽ ደክሞሻል፣ ትልልቆቹም መልስሽን እየጠበቁ ነው። ለመሆኑ ሰዎችሽ ምን አሉ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «አልጠየቅኋቸውም» አለች።

«እንግዲያው እኔ ተቀበይ ወይም አትቀበይ ብልሽ ያንኑ ጥፋት መድገሜ ነው። ተነሺና ወደ እነሱ ሂጂ። እምቢ ካሉ እምቢታቸውን ይዘሽ ተመለሺ፤ የደከምሽበት ሁሉ ቢፈርስም» አሏት።