ነፋስ የቆረጠው ቃል

አንድ ሰው ነበረ፤ ላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ብየዳ ሠራተኛ። እንግዶች ሳንቃ ላይ ቆመው ከውሃው በላይ ሲንሳፈፉ አየና ልቡ ሸፈተ። ሳንቃው ከሥሩ ረጅም ብረት አለው፤ በብረቱ ጫፍ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ያለ ነገር ተገጥሟል። የሚንሳፈፈው ሰው ላዩ ላይ ቆሞ በእጁ ሌላ የሸራ ክንፍ ይይዛል። ነፋስ ሲገፋው ሳንቃው ከውሃው ብድግ ይላል።

«እኔስ ለምን አልሠራውም?» አለ። ሠራውም! ሳንቃውን ከፎምና ከኮምፔርሳቶ አበጀ፣ ብረቱን ራሱ በየደው፣ ክንፉን ከድንኳን ሸራ ሰፋ።

ሊሞክረው የወጣ ዕለት ነፋሱ ሌላ ነበር። አንዴ ጸጥ ይላል፣ አንዴ እንደ ተቆጣ ኮርማ ይመጣል። ታላቅ ወንድሙ መኩሪያ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ውሃውን ያውቀዋል።

«ዛሬ ይቅርብህ» አለው።

«ጋሼ፣ ያለ ነፋስ እንዴት ይሞከራል?»

«ነፋስማ ይኑር። ይኼ ግን ምን እንደሚፈልግ ራሱም አያውቅም።»

ገባ። ቆመ፣ ወደቀ። ቆመ፣ ወደቀ። ሳንቃው ነው የተበላሸው? ብረቱ ጠሞ ነው? ወይስ እግሩ ነው? አያውቅም። ድንገት ሳንቃው ብድግ አለ! ምን ስላደረገ? እሱንም አያውቅም። ገና ደስ ሳይለው ነፋሱ አሽቀንጥሮ ጣለው። ቀና ሲል ዳርቻው ርቋል። በአንድ እጁ ሳንቃውን፣ በሌላው ክንፉን ይዟል። ክንፉ ነፋስ ሞልቶት ወደ መሀል ይጎትተዋል።

መኩሪያ ከዳር ጮኸ፤ «ክንፉን ልቀቀው! ሳንቃውን አትልቀቀው!»

ነፋሱ ቃሉን ቆረጠው። ለሰውየው ምን ደረሰው? «ልቀቀው! ልቀቀው!» ብቻ። የቱን? ወገኖቼ፣ ሰውየው አላመጸም፤ ታዘዘ። «ክንፉ ነፋስ አለው፣ ይመልሰኛል» ብሎ ሳንቃውን ለቀቀ። ሸራው ግን ውሃ ሞላና ይዞት ይሰጥም ጀመር።

«ጋሼ! የቱን ነው ያልከኝ?»

መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ዝም። ውሃው ዓይኑን እየጋረደው ወደ ዳር አየ፤ ማንም የለም። ወንድሜ ትቶኝ ሄደ?

ዳር ላይ ሰው የጠፋው ለምን መሰላችሁ? መኩሪያ ጀልባ ውስጥ ስለነበረ ነው! በዚያ ማዕበል እየቀዘፈ ነበር። የሚቀዝፍ ሰው አይጮኽም፤ ትንፋሹን ለክንዱ ይፈልገዋል። ደረሰ፣ እጁን ያዘው፣ ጎትቶ አስገባው።

ሰውየው ውሃ እያስታወከ «ልቀቀው ብለኸኝ እኮ ነው!» አለ።

«ሳንቃውን አትልቀቀው ነበር ያልኩህ።»

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«ስላልሰማህ ነው የመጣሁት።»

ወገኖቼ፣ ዛሬ ከመካከላችሁ ግራ የገባው የለም? ጸልያችሁ ግማሽ ቃል ብቻ የሰማችሁ የላችሁም? ሥራውን ልተው ወይስ ልታገሥ? ከልጄ ጋር ልጣላ ወይስ ዝም ልበል? «ታዝዤ ነበር፤ ታዲያ ለምን ሰጠምኩ?» የምትሉስ? ለሁሉ መልስ የለኝም። ነፋሱ እኔንም ያደነቁረኛል።

አንድ ነገር ግን አትበሉ፤ ዝምታው ሲበዛባችሁ «ትቶኝ ሄደ» አትበሉ። ጌታ ዳር ቆሞ ምክር ብቻ የሚጮኽ አይደለም። አጥርቶ ለሰማ ብቻ ቢመጣ ኖሮ ከእኛ ማን ይተርፍ ነበር? የቱን ልያዝ፣ የቱን ልልቀቅ ብላችሁ ስትደክሙ፣ እጃችሁን ከውሃው በላይ አቆዩ። የሚይዘው እየመጣ ነው።