በጓደኛው ስም የታመመ ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ። አንድ ክረምት ኀፍረተ ሥጋው ላይ ለምጽ የመሰለ ነጭ ነገር ወጣበት። ቆዳው ሳስቶ ያሳክከዋል፣ ይሰነጠቃል፤ ሽንቱም ቀጠነ። «የሴሰኛ በሽታ ነው ይሉኛል» ብሎ ዋጥ አደረገው። ሚስቱ ስትጠጋው ድካም ያመካኛል። እሷ ደግሞ፣ ምን ታድርግ፣ ሌላ የወደደ መሰላት፤ ጓዟን ጠቅልላ ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ቆርጣለች።

እኩለ ቀን ሲሆን እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ እንደ ሰደደ ያሸልበዋል። በሰመመኑ የዘረጋው ድር ወንዝ ይሆናል፤ ነጭ ወንዝ፣ ድምፅ የሌለው። ይፈሳል፣ ይፈሳል፣ እየቀጠነ ሄዶ አንዲት ክር ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ጉሮሮው ደርቆ ይባንናል። ውኃ ቢጠጣ፣ ቢጠጣ አይረካም። ከጓሮ በሸናበት ጥግ ጉንዳን ይሰፍራል። «ዘንድሮስ ጉንዳኑ በዛ» ይላል፣ ምስኪን! ጥማቱን ከቁስሉ ጋር ማን ያገናኘዋል?

ሲብስበት ጤና ጣቢያ ሄደ። በዚያ አገር የኀፍረት ሕመም በራስ ስም አይነገርምና «ጓደኛዬን አሞት ነው» አለ።

ሐኪሙ ሁሉን ሰማው። «ጓደኛህ ውኃ ይጠማዋል? ወፈርስ ያለ ነው?»

ሸማኔው ቦርጩን በጋቢው ሸፈነ።

«ይህ ከሰው የሚይዝ፣ በዝሙት የሚመጣ በሽታ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ግን ስኳርና ደም ግፊት ብዙ ጊዜ አብረውት ይገኛሉ። ችላ ካሉት የሽንቱን መንገድ ያጠባል፤ አንዳንዴም ወደ ካንሰር ይለወጣል። ጓደኛህን አምጣው። ያልመጣ ሰው ደም አይመረመርም።»

ሸማኔው እስከ በሩ ሄደ። የሚስቱ ፊት ታየው። ተመለሰና ቀበቶውን ፈታ።

«ጓደኛዬ መጥቷል» አለ።

ስኳሩ ተገኘ፤ ቅባትና ኪኒን ተሰጠው። ቤቱ ገብቶ ሲነግራት ሚስቱ «ለዚህ ነው ክረምቱን ሙሉ ያስለቀስኸኝ?» ብላ ደረቱን በጡጫ መታችው። ከዚያ እዚያው ደረቱ ላይ አለቀሰች።

እንግዲህ ልጄ፣ «ቁስሉ አንድ ቦታ ሆኖ ሳለ ሐኪም ስለ ጥማት ምን አስጠየቀው?» አልኸኝ። በሽታ ብቻውን አይመጣም፤ ዘመድ አስከትሎ ነው። አንዱን ስትደብቅ ሌላውንም ታሳድራለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ጥያቄውን ያመጣኸው ግን «አንድ የማውቀው ሰው አለ» ብለህ ነው፤ ይኸው እኔ ሳወራ የውኃ ማሰሮዬን ጠጥተህ አደረቅኸው። በል ተነሣ፣ ጫማህን አጥልቅ። አብሬህ እሄዳለሁ።