የጋሽ ላንቃሞ ከበሮ ወራሽ

በአንድ ወቅት፣ ኧረ ሩቅም አይደል፣ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ጋሽ ላንቃሞ የሚባሉ የደጋፊዎች ከበሮ መቺ ነበሩ። ከበሮው ደንብ አለው፤ አይሸጥም፣ ለልጅም አይወረስም። የያዘው ሰው ሲደክም ሜዳውን በሰው ላስሞላ ደጋፊ ይሰጠዋል። እሳቸውም ያገኙት እንዲያ ነው። አሁን ትከሻቸው እምቢ አለ፤ የሚሰጡት ሰው ግን አጡ። የእንግሊዝ ኳስ በቀጥታ መታየት ከጀመረ ወዲህ ሰዉ የሚውለው ዲኤስቲቪ ቤት ነዋ! «ይህ ከበሮ ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው» እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር።

ታዲያ አንድ እሁድ የከተማው ቡድን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሊተላለፍ ሆነ። ከተማው በደስታ አበደ። «ቡድናችን በቲቪ ሊታይ ነው!» ተባለና፣ ጉድ በሉ፣ ሁሉም በቲቪ ሊያየው ተሰበሰበ! ሜዳ የሄደ የለም። ጋሽ ላንቃሞ ከበሯቸውን ታቅፈው ባዶውን ወንበር ሲያዩ እንባቸው መጣ።

ከጎናቸው የነበረው ዱካሞ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ብቻ ነው። ዝናብ ሆነ ፀሐይ፣ ዱካሞ ከሜዳ ቀርቶ አያውቅም። ተነሳና ከበረኛው ጀምሮ የተጫዋቾቹን ስም እየጠራ ይዘፍን ጀመር። ድሮ ሰው ሁሉ ይቀባበለው የነበረውን ዜማ ብቻውን ያወጣል፣ ብቻውን ይቀበላል። ድምፁ ተዘጋ፤ አላቆመም።

«አረፍ በል እንጂ ልጄ» ቢሉት፣ «ልጆቹ እኮ ብቻቸውን ናቸው ጋሼ!» አለ።

ዋናውን ካሜራ የያዘው ከሌላ ከተማ የመጣ ኢዩኤል የሚባል ወጣት ነበር። አለቃው በጆሮ ማዳመጫው «ባዶ ወንበር እንዳታሳይ፤ ኳሷን ተከተል!» ብሎታል። ኢዩኤል ግን ካሜራውን ከኳሷ ላይ አንስቶ በባዶው ወንበር ሁሉ አዞረው፤ በመጨረሻ ዱካሞ ላይ አቆመው። አለቃው ቢጮህ ቢሳደብ ንቅንቅ አላለም። በዚያው መሃል የከተማው ቡድን ጎል አገባ! በቲቪ ግን ጎሉን ያየው የለም። የታየው አንድ ሰው ብቻውን ሲዘልና አንድ ሽማግሌን ሲያቅፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ለኢዩኤል ካሜራ የሰጠው የለም።

የከተማው ትልቁ ዲኤስቲቪ ቤት ያኔ ጢም ብሎ ነበር። ሰዉ አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዱም ዓይኑን ጠረገ፤ የተነሳ ግን የለም። የቤቱ ባለቤት እትዬ ብርቄ ቲቪውን ድርግም አደረጉት።

«ምን ሆነዋል እትዬ? ዕረፍት እንኳን አልደረሰ!» አለ አንዱ።

«እዚህ ተጎልታችሁ ማልቀስ ለማን ይጠቅማል? ሜዳው እዚያ ነው፤ ውጡ!»

ቤታቸውን ቆልፈው ከፊት ቀደሙ። ሕዝቡ ሲተም ያየ ሁሉ ተከተለ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ሜዳው ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ጋሽ ላንቃሞ ትከሻቸውን ረስተው ከበሮውን ደለቁት፤ ደስ ሲል! ቡድኑም አሸነፈ። የእትዬ ብርቄ ቤትም ከዚያ ወዲህ ቡድኑ በሚጫወትበት ቀን አይከፈትም።

ክርክሩ ግን ጦፈ። ሾፌሮቹ «ዱካሞ ባይዘፍን ካሜራው ምን ሊያሳይ?» አሉ። ዱካሞ ራሱ «እኔ የዘፈንኩት ሰው ልጠራ ብዬ አልነበረም» ይላል። ተማሪዎቹ «ኢዩኤል እንጀራውን አጥቶበታል፤ እሱ ባይኖር ድምፁ ከአጥር አያልፍም ነበር» አሉ። «እሱማ የከተማችን ሰው አይደለም» ያለም አልጠፋ። የገበያ ሴቶች «እትዬ ብርቄ ባያስወጡት ሰዉ አልቅሶ ይቀር ነበር» ሲሉ፣ አንዱ ምላሰኛ «ሜዳውን ስንት ዓመት ባዶ ያስቀረው የማን ቤት ሆነና!» አለ።

በቀጣዩ እሁድ ጋሽ ላንቃሞ የከበሮውን ማንገቻ ከትከሻቸው አውርደው የሜዳው በር ላይ ቆሙ። ዱካሞ ድምፁ ገና እንደተዘጋ መጣ። እትዬ ብርቄ የቤታቸውን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው መጡ። ኢዩኤልም ያለ ካሜራ፣ እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጦ መጣ። ሽማግሌው ሦስቱንም ሲያዩ ልባቸው በኩራት ሞላ። ምን ያደርጋል፣ ከበሮው አንድ ነው።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ፤ ማን ያንግተው?