የደብሪቱ እፍኝ

ኑ፣ ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁንም ስጡኝ! ይህ የሆነው አያቶቻችን ሳይወለዱ፣ የአያቶቻችንም አያቶች ገና ሳይታሰቡ ነው። ያኔ አፈር ዋሻ በምትባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። መሬት የላትም፣ ከብት የላትም። ያሏት ሁለት እጆችና አንዲት ልጅ ናቸው። ልጅቷም ስንቅነሽ ትባላለች።

በዚያ አገር የሸክላ ዋጋ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የሚይዘው እህል ነበር! ገንቦ የፈለገ ሰው ገንቦውን እህል ሞልቶ ለሠሪዋ ይገለብጥላትና ባዶውን ይዞ ይሄዳል። እንዴት ያለ ደስ የሚል ገበያ! ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው አይደርቅ፣ እንጨቱ አይነድ፣ ሸክላ የሚተኩስ የለም። መንደሩ ይራባል። ያን ጊዜ ጓንጉል የሚባል የእህል ነጋዴ አህዮቹን ጭኖ ከች ይላል፤ እህል ያበድራል። ሴቶቹም ክረምት የበሉትን ከመስከረም እስከ ገና በሸክላ ሲከፍሉት ይከርማሉ፣ ያውም የአንዱን በሁለት።

አንድ ዓመት የደብሪቱ ሸክላ እሳት ላይ እንዳለ ድንገተኛ ዝናብ ወረደበትና ሁሉም ተሰነጠቀ። የምትከፍለው አጣች። ጓንጉልም ስንቅነሽን መያዣ አድርጎ ወሰዳት። ከቤቱ የድንጋይ ወፍጮ ላይ አስቀመጣት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት እኮ!

ደብሪቱ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ተነሣች። የመንደሩን ሴቶች ሰበሰበችና፣ «እናንተ ሴቶች፣ ለአገሩ ሁሉ ጎታ እንሠራለን፤ የራሳችን ጎታ ግን የታለ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ! «አንድ ትልቅ ጎታ እንሥራ። ከገበያ ስንመለስ ቤታችን ሳንገባ እፍኝ እፍኝ እንጣልበት። ክረምት የራሳችንን እንብላ።»

ጎታውን ሠሩ። ከላይ እህል የምታስገባ ጠባብ ቀዳዳ አለችው፤ ከታች አፍ የለውም። እህሉን ማውጣት ያማረው ሰው ጎታውን መስበር አለበት። ሴቶቹም በደስታ አበዱ! እየዘፈኑ እፍኝ ጣሉ፣ እየሳቁ እፍኝ ጣሉ።

የመጀመሪያው ፈተና ወዲያው መጣ። ጎታው አበጠ፣ ጎታው ተሰነጠቀ! በስንጥቁ ምን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? የጤፍና የገብስ ቡቃያ! ለካ ከመቸኮላቸው የተነሣ ጎታው ሳይደርቅ ነበር እህሉን ያፈሰሱበት። አገሩ ሁሉ ሳቀባቸው። «ጎታ ሠርተው እርሻ ሆነላቸው» ተባለ። ደብሪቱም ራሷ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እርጥብ ገንቦ እሳት ላይ የማንጥድ ሰዎች እህላችንን እርጥብ ጎታ ውስጥ ከተትነው! በሉ ጭቃ ርገጡ» አለች። ሌላ ጎታ ሠሩ። ይህኛውን የመጋቢት ፀሐይ ድንጋይ እስኪያደርገው ጠበቁት። ከዚያ እንደገና እፍኝ ጣሉ።

ሁለተኛው ፈተና የባሰ ነበር። ግንቦት ላይ ጓንጉል የጎታውን ወሬ ሰማና ደብሪቱን አስጠራት። «ጎታው ያንቺ ሐሳብ ነው አሉ። ስበሪውና ያለብሽን ክፈዪኝ፤ ልጅሽን አሁኑኑ ውሰጂ» አላት። ከጓዳ የወፍጮው ድምፅ ይሰማል። ልጇ ናት የምትፈጨው። ደብሪቱ አሰበችው። ልጇን ለማውጣት ጎታውን ብትሰብር መንደሩ ክረምት ይራባል፤ ከተራበ ይበደራል፤ ከተበደረ ደግሞ የሌላዋ ልጅ ወፍጮ ላይ ትቀመጣለች።

«ጌታዬ፣ እህሉ የኔ አይደለም» አለች። ወጣች። መንገድ ላይ ወደቀችና እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ማንም ሳያዛቸው በአንድ እጅ መጣል ትተው በሁለት እጅ ይጥሉ ጀመር። እፍኝ ጣሉ፣ እፍኝ ጣሉ፣ ጎታው እስከ አንገቱ ሞላ!

ሐምሌ ገባ። ጓንጉል አህዮቹን ጭኖ ከች አለ። የሚቀበለው የለም። ጮኸ፤ የሚወጣለት የለም። ዝናቡ ወረደ፣ ጭነቱ ራሰ፣ ጓንጉልም እየተራገመ ተመለሰ። ያን ዕለት ጎታውን ሰበሩ። ገንፎው ቀጠን ቢልም ከአንድም ቤት አልታጣም። መስከረም ሲጠባም የተኮሱት ሸክላ ሁሉ የራሳቸው ሆነ። የክረምት ዕዳ የለበትም! ያዩትን ማመን አቃታቸው። የደብሪቱን የቆየ ዕዳ ግን ጓንጉል በቂም በሸክላ አልቀበልም አለ።

ሦስተኛው ፈተና በጥር መጣ። ጓንጉል ልጁን ሊድር ደገሰ። አገር ጠራ፣ ጌሾ አስወቀጠ። ጠላ መጥመቂያ ጋን ሲፈልግ ግን ጋን የለም! በየዓመቱ በዕዳ የሚመጣለት ጋን ዘንድሮ አልመጣም። ወደ አፈር ዋሻ ሰው ላከ። ሴቶቹ ሁሉ እንደ ተማከሩ፣ «ጋን ያላት ደብሪቱ ናት» አሉ። ሠርግ ያለ ጠላ ውርደት ነውና ጓንጉል ራሱ በበቅሎ መጣ። ከጎጆዋ በር ላይ ጋኖች ተደርድረዋል፤ የመንደሩ ሴቶች አንዳንድ አምጥተውላት አጠገቡ ቆመዋል።

«ስንት ትያለሽ?» አላት፣ ከበቅሎው ሳይወርድ።

«የጋን ዋጋ የታወቀ ነው፣ ጌታዬ፤ የሚይዘው እህል ነው። ከነዚህ አንዱ የኔን ዕዳ ይከፍላል። የሌሎቹን እህል ለባለቤቶቹ ይስፈሩላቸው።»

«አንዱን በሁለት ነበር ልማዳችን» አለ ጓንጉል።

ደብሪቱ ግን ቃሏን አላጠፈችም። «እሱ የተበዳሪ ዋጋ ነው፣ ጌታዬ። ዘንድሮ ማን ተበደረዎት? ልጄ እዚህ ሳትደርስ ደግሞ አንድም ጋን አይነሣም።»

ጓንጉል ሴቶቹን አየ። ሴቶቹም አዩት። በቅሎውን አዞረ።

በማግስቱ ስንቅነሽ በመንገዱ ታየች፣ ፀጉሯ ዱቄት እንደ ለበሰ። እናቷ ሮጠች! ሴቶቹ እልል አሉ! ጭቃ የያዘችው ጭቃዋን ጥላ፣ እሳት የምታነደው እሳቷን ትታ እልል አለች!

ደብሪቱ ከሞተች ብዙ ዘመን አልፏል። የአፈር ዋሻ ሴት ግን ዛሬም ከገበያ ስትመለስ፣ ልጅ ቢያለቅስ፣ እንግዳ ቢጠብቃት፣ ቤቷ ሳትገባ እፍኝ ትጥላለች። «እኔ ሳልገባ ይግባ» ትላለች። ሐምሌ አቦ ሲደርስ ጎታው ይሰበራል፤ ለከርሞው ሌላ ይሠራል። መጥረቢያውን የሚያነሣው ግን ወንድ አይደለም፣ ባልቴትም አይደለችም። ከመንደሩ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ትመረጥና የመጀመሪያውን ምት እሷ ትመታለች። እየመታችም በሙሉ ድምፅዋ፣ «እኔ የምፈጨው ለቤቴ ነው!» ብላ ትጮኻለች።