ለፈጣኗ መኪና የሚሆን ጎማ

አንድ ሰው ነበረ። ስንት ዓመት ሲመኛት የኖረውን፣ ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ገዛ። ሞተሯ ሲነሣ የሰፈሩ ሰው መስኮት ከፍቶ ያያል። እሱም ሰው ባገኘ ቁጥር ክዳኗን አንሥቶ ሞተሯን ያሳያል። ጎማዋን ግን ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ጎማ ማን ያሳያል?

ውሎ አድሮ ጥርሳቸው ተበልቶ ጎማዎቿ ሙልጭ አሉ። የታናሽ ወንድሙ ሠርግ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ "ሙሽራውን የምወስደው እኔ ነኝ" ብሎ ቃል ገብቷል። ስለዚህ ወደ ጎማ ቤት ገሰገሰ።

ጎማ ቤቱ የጋሽ ድንበሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ጎማ የገጠሙ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። ሰውየው ከመደርደሪያው አዲስ የሚያብለጨልጭ ጎማ መርጦ፣ "እነዚህን አራቱን ይግጠሙልኝ" አላቸው።

ጋሽ ድንበሩ ጎንበስ ብለው የጎማውን ጎን አነበቡ። "አልገጥምም" አሉ።

"ለምን? ልኩ ያው አይደለም እንዴ?"

"ልኩ ያው ነው ልጄ፤ አቅሙ ግን ሌላ ነው። ይኼ ለተራ የቤት መኪና የተሠራ ነው። ያንተዋ ስትበር ይግላል፤ ሲግል ይፈነዳል። ለሷ የሚሆነውን አስመጣልሃለሁ፤ ሦስት ሳምንት ትጠብቃለህ።"

"ጋሼ፣ ሠርጉ እኮ እሑድ ነው! ለአንድ ቀን ብቻ!"

ጋሽ ድንበሩ ቀና ብለው አዩት። "ጎማ የሚፈነዳውስ ስንት ቀን ነው? አንድ ቀን አይደለም?"

ሰውየው ተናዶ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጎማ ቤት አለ፤ እዚያ ምንም ሳይጠይቁ ይገጥሙለታል። በጋሽ ድንበሩ ደጃፍ ላይ ቁልፉን እያሽከረከረ ቆመ። ከዚያ ወንድሙ በሙሽራ ልብሱ ከጎኑ ተቀምጦ ታየው። ተመልሶ ገባና፣ "እሺ፣ ይምጣልኝ" አለ።

ለወንድሙ ሲነግረው በሐፍረት አቀርቅሮ ነበር። ወንድሙ ግን፣ "እኔ የፈለግሁት አንተን ነው እንጂ መኪናህን ነው?" አለው። ሙሽራው በአጎታቸው አሮጌ ሚኒባስ ሄደ። ሚዜዎቹ እስኪበቃቸው ሣቁ። ሦስቱ ሳምንት አምስት ሆነ። ሰውየው ጠበቀ፤ ጎማዎቹም መጥተው ተገጠሙ።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን እናቱን ይዞ ወደ አዳማ ሲወርድ፣ ከፊቱ የነበረው የጭነት መኪና ገመዱ ተበጥሶ የሽንኩርት ጆንያዎቹን መንገዱ ላይ ዘረገፈ። ዝናብ ነው፤ አስፋልቱ ውሃ አዝሏል። ሰውየው ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ አልተንሸራተተችም፤ አልዞረችም። መሬቱን ነክሳ፣ ከመጀመሪያው ጆንያ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። እናቱ "ተመስገን! ተመስገን!" ይላሉ። እሱ መሪውን እንደጨበጠ ያለቅሳል።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ያተረፋቸው ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ሞተር ነው? አይደለም! ያቺ ሁሉ መኪና ምድርን የምትነካው መዳፍ መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። እናትና ልጅ የተረፉት እዚያ ላይ ነው።

እናንተስ? እግዚአብሔር ብርቱ ሞተር ሰጥቷችኋል። አንዱ ሲናገር ሰው ያፈዛል። አንዷ ስትዘምር ቤቱ ይነቃነቃል። አንዱ ባለ ሥልጣን ነው፤ ያዘዘው ይሆናል። ይህን ሰው ያየዋል፤ ያጨበጭብላችኋል።

ግን ኑሮን የምትነኩት በምንድን ነው? ልጃችሁ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ሲጠይቃችሁ በምትመልሱት መልስ ነው። የሚታዘብ በሌለበት በምትናገሩት እውነት ነው። የበደላችሁ ሰው በር ሲያንኳኳ በምታሳዩት ፊት ነው። እዚያ ላይ "እኔም እንደ ሰው ነኝ፣ ልኩ ያው ነው" አትበሉ! ብርቱ ሞተር የተሰጠውን ሰው ቀላል ትዕግሥት አይበቃውም። በተራ ትዕግሥት ትልቅ አገልግሎት የጀመሩ ስንቶች ናቸው፣ በመጀመሪያው ዝናብ ከመንገድ የወጡት?

የትኛው ትዕግሥታችሁ እንደተበላ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ዛሬውኑ አዲሱን ከእግዚአብሔር ለምኑ። ሰው ቢስቅ ይሣቅ። እግዚአብሔር የሚሰጠው ጽናት ይዘገይ ይሆናል እንጂ፣ ከሸክማችሁ አንሶ አያውቅም።