ቁርበቱ ይቅርና ስክሪን አቅርቡልኝ

አንድ ጊዜ አገሩ ሁሉ አብጠርጥሮ የሚያውቀው አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ነበር። አብጠርጥሮ ስለሚያውቀውም ሥራ የሚሰጠው አልተገኘም። ከወንዝ ማዶ ያሉ አህዮች ለውርንጭላ መዋያቸው ኃላፊ እንደሚፈልጉ ሲሰማ ግን ደስ አለው። እዚያ የሚያውቀው የለም።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። ለሥራ የሚያቀርበው ማስረጃ ሁሉ ያለው ቤቱ በተቀመጠው ትልቅ ዴስክቶፕ ውስጥ ነው። ተሸክሞት ወንዝ አይሻገር፤ በአህያ እንዳይጭነው፣ አያ ጅቦ የጫነው አህያ ካሰበበት ደርሶ አያውቅም። ስለዚህ ኮምፒውተር ወደምትጠግነው ቀበሮ ሄደ።

ቀበሮ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር አወጣች።

«ይቺም ኮምፒውተር ናት። መንገደኛ ከእንግዲህ የሚይዘው ይቺን ነው» አለችው። «በኪስህ ትከታታለህ፤ ከደረስክበት ቤት ስክሪን ትጠይቅና ትሰካታለህ። እቤትህ የተቀመጥክ ያህል ነው።»

«ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሁሉ ይገባባታል?»

«ይገባል። የሚቀር ነገር ካለ ግን አሁኑኑ ንገረኝ።»

አያ ጅቦ ተቆጣ። «እኔ ምን ጊዜ አስተርፌ አውቃለሁ? አንዲት እንዳታስቀሪ!»

ቀበሮ ስክሪኑን አየች፤ አያ ጅቦን አየች። አንዲት አላስቀረችም።

በማግስቱ ጠዋት አያ ጅቦ ክራባት አስሮ ወንዙን ተሻገረ። አህዮች ተሰብስበው ጠበቁት። ከፊት የቆመችው ዳለቻ የምትባል እናት ነበረች፤ ውርንጭላዋን መዋያው ልታስገባት ከጎኗ ይዛታለች።

«ቁርበት እናንጥፍልዎት?» አለችው።

«ቁርበቱ ይቅርና ስክሪን አቅርቡልኝ» አለ ኮራ ብሎ።

ግድግዳ የሚያክል ስክሪን አቀረቡለት። ሰካው። መጀመሪያ የወጣው ማስታወሻ ነበር፦ «ዛሬ ምሳ፦ ውርንጭላ፣ ሁለት።»

አህዮቹ ቀስ ብለው አነበቡት።

«ውርንጭላ ሁለት ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ዳለቻ።

«የመዋያው ፕሮግራም ነው» አለ አያ ጅቦ። «ሁለት ሁለት እያደረግን ምሳ እናበላቸዋለን።»

እንግዳ መጠርጠር ነውር ስለሆነ አህዮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ጅቦ የሥራ ማስረጃውን እከፍታለሁ ሲል ፎቶዎቹ ተከፈቱ። የዘመኑ በላተኛ ነውና ምግቡን ፎቶ ሳያነሳ አይበላም፤ ከሥሩም ቀኑንና ጣዕሙን ይጽፋል።

ሦስተኛው ፎቶ ሲወጣ ዳለቻ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«እህቴ ናት» አለች። «ገበያ ሄዳ ጠፋች ያልናት።»

ከሥሩ «ትንሽ ጠንከር ትላለች» ይላል።

አያ ጅቦ ኮምፒውተሯን ሊነቅል እጁን ሰደደ። የዳለቻ ኮቴ ቀደመው። ከዚያ የሌሎቹም ደረሰ። አያ ጅቦ መንጋጭላውን ይዞ፣ ኮምፒውተሯንም ሳያስታውስ፣ በመጣበት ወንዝ ተመለሰ።

አንድ ሽማግሌ አህያ ስክሪኑን ሊያጠፉት ተነሱ።

«ተዉት፣ አባባ» አለች ዳለቻ እያለቀሰች። «እህቴ ሌላ ፎቶ የላትም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቢሮውን በኪሱ ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ ማንም በማያውቀው አገር እንኳ ኪሱ እንደሚያውቀው ነው።