ስሙን ያልተጠየቀው ካርድ

ተረት ተረት! «የመሠረት» በሉኝ እንጂ፤ ዝም ለሚለኝ ሰው ተረት አልጀምርም።

በድሮ ጊዜ፣ ኮምፒውተር ሆዱ እንደ ጎታ ሰፊ በነበረበት ዘመን፣ እትዬ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትጽፍ ነበር። የምትጽፍበት ኮምፒውተር አርጅቷል። ሳጥኑን የሚያስተዳድረውን ሹም፣ ባለሙያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚለውን፣ ቫይረስ በላውና ሞተ። አንድ ቀን ጠዋት የኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ በሟቹ ምትክ አዲስ ሹም ሾመ።

አዲሱ ሹም ዓይኑን ገለጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስም መጥራት ጀመረ። አዲስ ሹም መቼም ስም መጥራት ይወዳል።

«ስክሪን!»

«አቤት ጌታዬ!»

«ኪቦርድ!»

«አቤት ጌታዬ!»

«አንተስ፣ እዚያ ታች ጥጉ ላይ የተሰካኸው?»

ዝም።

«አንተን እኮ ነው!»

አሁንም ዝም። ሹሙ ክው አለ። በገዛ ግዛቱ አቤት የማይለው ተገኘ! ወዲያው «ያልታወቀ» ብሎ ጻፈና ከቢጫ ምልክት ጋር አንገቱ ላይ አንጠለጠለበት።

እትዬ ይርገዱ ኢንተርኔት ልትከፍት ሞከረች። የለም። ደግማ ሞከረች። የለም። «ምን ጉድ ነው! ይሄ ሳጥን እስከ ማታ ኢንተርኔት ካላስገባኝ ለቁራሌው ነው የምሰጠው!» አለች። ቁራሌው ደግሞ አሮጌ ዕቃ እየሰበሰበ፣ በመዶሻ እየፈለጠ፣ መዳቡን ለብቻ ብረቱን ለብቻ የሚሸጥ ሰው ነው። ሹሙ ይህን ሰማ። በተሾመ በዕለቱ በመዶሻ!

«ምን ይሻላል?» ብሎ ሸንጎ ጠራ።

«ጌታዬ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ይነቀልና ይጣል» አለ ስክሪን።

«ኧረ ተው! ምናልባት አስተርጓሚ አጥቶ ይሆናል» አለ ኪቦርድ። እውነቱን ነው። በዚያ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱን ቋንቋ ይናገራል፤ ከሹሙ ጋር የሚግባባውም በአስተርጓሚ ነው። የከተማ ሰው ይህንን አስተርጓሚ ድራይቨር ይለዋል። የሌሎቹ አስተርጓሚዎች ከአዲሱ ሹም ጋር አብረው መጥተዋል፤ የዝምተኛው ግን ቀርቷል።

ሹሙ ዝምተኛውን ከላይ ሆኖ አየውና በመልኩ ፈረደ። «መልኩ አረንጓዴ፣ ጥርሱ ወርቅማ፤ ቁርጥ የድምፅ ካርዱን! ወንድሙ ነው» አለ። የድምፅ ካርዱን አስተርጓሚም ላከበት። አስተርጓሚው ተናገረ፣ ለፈለፈ፣ ላብ አጠመቀው። ዝምተኛው ዝም።

ቀጥሎ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል አንድ ቀልቃላ እትዬ ይርገዱ በሰካችው ፍላሽ ተሳፍሮ ከተፍ አለ። «እኔ የዕቃ ሁሉ አስተርጓሚ ነኝ፤ የማላውቀው ቋንቋ የለም!» አለ። ሹሙ ደስ ብሎት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት። ቀልቃላው ገብቶ ቋንቋውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲጮኸው ጉድ ፈላ! ስክሪን ሰማያዊ ሆነ፣ ኪቦርድ ደነዘዘ፣ ሹሙም ራሱን ሳተ። እትዬ ይርገዱ በድንጋጤ ፍላሹን መንጭቃ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ባታበራው ኖሮ የሳጥኑ ተዝካር ያኔውኑ በወጣ ነበር።

ሹሙ ሲነቃ ከሩቅ «ቁራሌው! ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ሰማ። ይህን ጊዜ በሳጥኑ ጥግ ድሯን ያደራች ሸረሪት ሳቋ አመለጣት።

«ጌታዬ ሹም፣ ለመሆኑ ራሱን ጠይቀውታል?»

«እኔ? ሹሙ? እታች ወርጄ?»

«እኔስ ሸረሪት ነኝ፤ የናንተ ነገር አይገባኝም። ግን ያላወቁትን ሰው ስሙን ከነአባቱ መጠየቅ ደንብ አይደለም እንዴ?»

«ቁራሌው! ቁራሌው!» ድምፁ ደጃፉ ደረሰ። ሹሙ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወረደ።

«ስምህ ማነው?»

ዝምተኛው ያለ አስተርጓሚ የሚገባው የስምና ያባት ስም ጥያቄ ብቻ ነበርና ወዲያው መለሰ። ስሙ ቁጥር ነበር።

«ያባትህስ?»

ይህንንም መለሰ፤ እሱን የሠራው ፋብሪካ መለያ ነው፤ እሱም ቁጥር ነበር። ሹሙ አፉን በእጁ ያዘ። ቀኑን ሙሉ ያስጨነቃቸው ነገር ካንድ ጥያቄ አያልፍም ነበር እንዴ!

ሁለቱን ቁጥሮች ስክሪን ላይ አወጣቸው። እትዬ ይርገዱ አይታ ቁራሌውን «አንዴ ጠብቀኝ!» አለችና ጎረቤት ሱቅ ሮጠች። በዚያ ኮምፒውተር ስሙን ከነአባቱ ፈልጋ ትክክለኛውን አስተርጓሚ በፍላሽ ይዛ ተመለሰች። አስተርጓሚው ትንሽ፣ ኩምትር ያለ ሽማግሌ ነው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» አለና ወደ ዝምተኛው ጠጋ ብሎ ባገሩ ቋንቋ ሰላምታ ሰጠው። ዝምተኛው ኢንተርኔት የሚያመጣው ካርድ ነበርና መብራቱ ቦግ አለ። ኢንተርኔቱ ተከፈተ! እትዬ ይርገዱ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ቁራሌውም ባዶ ጆንያውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ሹሙ እፎይ አለ። በአስተርጓሚው በኩልም «በል እንግዲህ፣ እንኳን ወደ ቤቴ ደህና መጣህ!» አለው።

ካርዱ ረጋ ብሎ መለሰ። «እንኳን አንተ ደህና መጣህ ልጄ። እኔ ሳጥኑ ከተሠራ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ሦስት ሹም ቀብሬያለሁ፤ አንተ አራተኛው ነህ። ጠዋት ስትገባ ‹ይህን የማላውቀውን ልጅ እንዴት ብዬ ልቀበለው› ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ አስተርጓሚ አጣሁ እንጂ።»

ሹሙ አንገቱን ደፋና «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አለ፤ «ለካ እንግዳው እኔ ኖሬያለሁ!»

ያልተጠየቀ እንጂ ያልታወቀ የለም። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ተውት፤ ይልቅ አዲስ ሹም ካገኛችሁ ይህንን ንገሩልኝ።